እርፍ የጨበጡ ሴቶች

አቦቦ፣ ጋምቤላ
ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

ጉልበትህ እንዴት ከረመ? ዓይንህስ ተሻለው? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ከብቶቹ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከሙቀቱ በቀር የሚያማርረኝ የለም፤ እሱንም በሠላሳ አራት ዓመት ተላምደነዋል። ፊደሉን ያጎላሁት ለዓይንህ ብዬ ነው። የልጅ ልጅህ እንዲያነብልህ አትስጠው፤ ለብቻህ ሆነህ አንብበው።

ጡረታ ከወጣሽ በኋላ እዚያ ቆላ ምን ያስቀምጥሻል ብለኸኝ ነበር። እዚህ በእርሻ ራሳቸውን ሊችሉ የተነሱ አሥራ አራት ሴቶች አፈር እየነኩ የሚማሩበት ማሠልጠኛ አለ። እኔን የወሰዱኝ መዝገብ እንድይዝ ነበር። በበሬ ማረስ የሚያስተምራቸው ሰው ግን ሚስቱ ወለደችና ወደ ቡሬ እንደሄደ ቀረ። አስተባባሪው ኤልናታን መጥቶ፣ እርስዎ የበሬ አገር ሰው ነዎት፣ ይያዙልኝ አለኝ። ሴቶቹ እስከ ግንቦት አጋማሽ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ማረስ ካልቻሉ፣ ጥማዱ ወደ ሌላ ጣቢያ ይወሰዳል። ያኔ የሚቀራቸው ዶማ ብቻ ነው።

እኔም የማውቀውን አደረግሁ። ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ እርፉን፣ ማረሻውን፣ ድግሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ ስማቸውን አስጠናሁ፤ ፈተና ሰጠሁ። አሥራ ሦስቱ ከአሥር አሥር አገኙ። በማግስቱ በሬዎቹን ጠመድን። አንዱ አልንቀሳቀስም አለ፣ ሌላው ከነቀንበሩ ተኛ። ከጎግ የመጣችው ቴኒ፣ ቤታቸው ከብት ገብቶበት የማያውቀው፣ ከበሬዎቹ ራቅ ብላ ቆማ፣ ምናልባት እነሱም ፈተናውን ይወስዱ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ለመቆጣት ጠመኔዬን አነሳሁና እኔም ሳቅሁ።

ኛዳክ ግን አልሳቀችም። እሷ ከኢታንግ በኩል የመጣች የኑዌር ልጅ ናት፤ ከብት መካከል ብታድግም በሬ ተጠምዶ አይታ አታውቅም። ጅራፉን ስሰጣት መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ቲቸር፣ እኛ ለበሬ እንዘፍንለታለን። አንገቱ ላይ እንጨት አንጭንም» አለችና ሄደች። ሁለት ቀን በመዝገቤ ላይ «ቀሪ» ተብላ ተጻፈች። በሦስተኛው ቀን ከሁሉም ቀድማ መጥታ የተኛውን በሬ አንገት እያከከች ስትዘፍንለት አገኘኋት። ምን እያልሽው ነው ብላት፣ እንጨቱ ቀላል ነው፣ ያንተ ጉልበት ይበልጣል እያልኩት ነው አለችኝ። በሬው ተነሳ።

በሬው ቢነሳም ማረሻው እየዘለለ አስቸገረ፤ እርፉን የሚጫነው አልነበረም። በሰሌዳ የማይነገር ነገር መሆኑ ሲገባኝ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ቀሚሴን ሰበሰብሁ፣ እርፉን ጨበጥሁ። ወንድም ጋሼ፣ ሄደልኝ! ክንዳችሁ ሳይሆን እግራችሁ ይጫን እያልሁ አንድ ትልም ጨረስሁ። እልልታው እስከ መንገዱ ተሰማ። ቴኒ በገዛ ሜትሬ ትልሜን ለካችና ከአሥር ስድስት ሰጠችኝ፤ ተጣሟል። ከየት ተማርሽው ሲሉኝ፣ ወንድሜን እያየሁ ነው አልኋቸው። እንዴት ከቀንበሩ አጠገብ በጓል እንደምታባርረኝም ነገርኋቸው። ሊደበድቡህ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ፀሐይ ሳይጠነክር፣ በየተራ አረሱ። ትልም ለክቼ ማርክ ሰጠሁ፤ የጎበጠውን አስደገምሁ።

የፈተናው ቀን አንድ ባለሙያ መጣ፤ ጫማው ንጹሕ ነበር። ኛዳክ እየዘፈነች ስታርስ አይቶ፣ ዘፈኑ የሥልጠናው ክፍል ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ይህ የበሬው ነው፣ የእኔ አይደለም አለችው። መጨረሻ ላይ ቴኒ ገባች። መካከል ላይ ስትደርስ በሬዎቹ ቆሙ። ጅራፉን አየች፣ እኛን አየች፣ ከዚያ የኛዳክን ዘፈን ጀመረች። ቃሉን አታውቀውም፣ ዜማውንም አጠፋችው። ኛዳክ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። በሬዎቹ፣ ዝም እንድትል ብለው መሰለኝ፣ ሄዱ። አሥራ አራቱም አለፉ።

ደስታው ሳያልቅ ሰውየው ቅጹን ይዞ ወደ እኔ መጣ። የመጨረሻው መስመር፣ አሠልጣኟ ከዚህ ሥልጠና በፊት ራሷ አርሳ የምታውቅ እንደሆነ የትና መቼ ይላል። ባዶ ከሆነ ሥልጠናው አይቆጠርም፤ በሬዎቹም ይሄዳሉ።

«እናቴ፣ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ» አለኝ በአክብሮት። «በእኛ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም። እዚህ ላይ ምን ልጻፍ?»

አሥራ አራቱም ያዩኛል። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ወረቀት ላይ ውሸት አስፍሬ አላውቅም። እስክሪብቶውን ከእጁ ወስጄ ጻፍሁ፤ ቦታው፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው የአባቴ የታችኛዋ ማሳ። ጊዜው፣ ሰኔ 1972 ዓ.ም.፣ አንድ ጠዋት። አነበበውና ምስክር አለዎት ወይ አለኝ። ያንተን ስምና ስልክ ሰጠሁት።

በዚያ ሰኔ ወገብህን ይዞህ ተኝተህ ነበር። ማሳዋ ሳትደገም፣ ሁለተኛ ሳትታረስ፣ ዝናቡ ሊቀድመን ነው ተብሎ ቤቱ ሁሉ ተጨንቆ ሳለ፣ አንድ ጠዋት ታርሳ ተገኘች። አባባ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጎረቤታችን ነው ብሎ ክረምቱን ሙሉ መረቀው። ጎረቤታችንም አንገቱን ደፍቶ አሜን ይል ነበር። እኔ በዚያ ጠዋት፣ በትምህርት ዘመኔ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ፣ አርፍጄ በመምህሬ ተገርፌአለሁ። ለምን እንዳረፈድሁ ለማንም አልተናገርሁም።

ለጎረቤታችን ሰላምታዬን አድርስልኝ። በምርቃቱ ብዙ ልጅ ወልዷልና አትውቀሰው።

ሰውየው ሰኔ እንደገባ እደውልለታለሁ ብሏል። እስከዚያ በሬዎቹ እዚሁ ናቸው፤ ደብዳቤውን በሰው እጅ የላክሁትም እንዲቀድመው ነው። የማታውቀው ቁጥር ሲደወል እንደማታነሳ አውቃለሁ። ይህንን አንሳ።

ክረምቱ በልኩ ይዝነብልህ፣ ክንድህ አይዛል፣ ጎተራህ አይጉደል፤ በደጅህ የሚያልፈው ሁሉ ጠግቦ ይለፍ።

ታናሽ እህትህ