ጉንፋናሙ ዝም ያለ ቀን

ጥቅምት 4

ከምሳ በፊት አርባ ስድብ ጻፍኩ። ሃያ ሁለቱን ሰረዝኩ። በደሞዝ የሚሳደብ ልጅ እንዳላት እናቴ ብትሰማ ምን ትል ነበር? ታናሼን "ደደብ" ስላልኩ ሦስት ቀን ያኮረፈችኝ ሴት!

ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሥራ አንድ ሰው፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ የደረሰው ለፕሮግራመሮቹ ነው፤ እነሱ ደግሞ ስክሪናችን ያንጸባርቃል ብለው መጋረጃውን አይከፍቱትም። እኔ ማተሚያው አጠገብ ነኝ። ሁለት ዓመቴ። ከሬዲዮ ድራማ ወጥቼ እዚህ ስገባ "ጌም ውስጥ ደግሞ ምን ድርሰት አለ?" ያሉኝ ጓደኞቼ አሁንም ይጠይቁኛል።

አለ እንጂ። አንድ የታወቀ የሥዕል መጽሐፍ አለ። ጭምብል ለብሶ የወደብ ከተማ የሚጠብቅ ጀግና፣ ከተማዋን በመዳፉ ያስገባ ባለ ጓንት ክፉ ሰው። መብቱን ተከራይተን ጌም እያደረግነው ነው። ተጫዋቹ ከተማዋ ውስጥ እንዳሻው ይሄዳል፣ ከጣሪያ ጣሪያ ይዘላል፣ ከፈለገው ጋር ይደባደባል። ዋናውን ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰባት ምዕራፍ። መጨረሻ ላይ ባለ ጓንቱ ጓንቱን ያወልቃል… ያቺ ትዕይንት ብቻዋን ስምንት ወር ፈጅታብኛለች። ስድቡ የትርፍ ሥራ ነው። ለተራ ጠላቶች፣ ለዘበኞችና ለዱርዬዎች።

ጥቅምት 5

"ሞት እንኳን የናቀህ!" ይኼ ይቆያል። አለቃ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት በዓመቱ ነው።

ጥቅምት 11

ሞካሪያችንን "ሰባት ነፍስ" ነው የምንላት። ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ጌሙን መጫወትና የተበላሸውን መዝግቦ ማስረከብ ነው። በቀን ስንቴ ሞታ ስንቴ እንደምትነሳ እሷም አታውቀውም። ዛሬ ወንበሯን እየጎተተች መጣች።

"ጋሼ፣ አማቴን ገደልኩት!"

ክው አልኩ። ባል እንኳ የላትም…

አማቴ የምትለው ለካ ጌሙ ውስጥ ያለ ዘበኛ ነው። የመጋዘን በር የሚጠብቅ፣ ፌሮ የያዘ ተራ ሰው። ፕሮግራመሮቹ "ትዝታ" የሚሉት ነገር አለ፤ ጠላት ተጫዋቹን ከገደለ ይሾማል። ተሸንፎ ካመለጠ ጠባሳውን ይዞ ይመለሳል። ያደረግክበትን አይረሳም፣ ስትገናኙም ይነግርሃል። ይኼ ዘበኛ አራት ጊዜ ገድሏት የሰፈሩ ሁሉ አለቃ ሆኖባት ነበር።

"በመጣሁ ቁጥር ይነቅፈኛል። ዝላዬን፣ አረማመዴን። አንድም ነገር አያስደስተውም! አማት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?"

ግማሽ ሰዓት አወራችልኝ። እጇ እየተወራጨ። እኔም አፌን ከፍቼ ሰማኋት፣ ምን ይደበቃል። በመጨረሻ "ባለ ጓንቱ ዘንድስ ደረስሽ?" አልኳት።

"የቱ ነበር እሱ?"

የቱ ነበር እሱ!

ጥቅምት 12

አንድ መስመር አልጻፍኩም። ተቀይሜ መሰለኝ። ማንን ነው የተቀየምኩት?

ጥቅምት 19

መሰለል ጀምሬያለሁ። በምሳ ሰዓት ሻዬን ይዤ ከጀርባቸው እቀመጣለሁ። ሰው ከጌም ሲነሳ ምን ያወራል? ይህን ማወቅ ፈለግኩ። በሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ታሪክ ሰማሁ።

የድምፅ ባለሙያው ሁለት ወንድማማች ጠላቶች ነበሩት። አንዱን ገደለ። ሌላውን ፈርቶ አሁን በዓሣ ገበያው በኩል አያልፍም፤ ዞሮ ነው የሚሄደው። ትልቅ ሰው! ሠዓሊው ደግሞ ጠላቱን በእጁ አስገብቶ ይለቀዋል። ለምን? አልኩት። "እሱን ከገደልኩት ማን እንዲህ አድርጎ ይጠላኛል?" አለኝ። ይህችን ሦስት ጊዜ ደግሜ ጻፍኳት።

ከዘጠኙ ታሪክ አንዱም የኔ አይደለም። የኔ ስድቡ ብቻ ነው። እሱንም ሲያወሩት "እንዲህ አለኝ" ነው የሚሉት። "እንዲህ ተብሎ ተጽፏል" የሚል የለም። ያናድዳል… ደግሞም ደስ ይላል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሆናሉ?

ጥቅምት 27

አለቃ ሰበሰበን። የመጽሐፉ ባለመብት ልትመጣ ነው። መጽሐፉን የሣለው ሰው ልጅ ናት፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ እያንዳንዱን ገጽ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቀው። ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ አለ፦ "በመጽሐፉ ከሚገኙ ገጸ ባሕርያት በቀር ማንም ጀግናውን አይገድልም።" እኛ ጋ ግን ጀግናውን የማይገድለው የለም። ዘበኛው፣ ጀልባ ቀዛፊው፣ ዓሣ አራጁ… አለቃ ይህንን እያወቀ "ሲደርስ እናየዋለን" እያለ ከርሟል። ይኸው ደረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፈቀደች ትዝታው ይቆያል፤ ለሱ ቦታ ለመስጠት ከሰባቱ ምዕራፎቼ አራቱ ይቆረጣሉ፣ የጓንቱም ትዕይንት አብሮ። ከከለከለች ትዝታው ይወጣል፣ የኔ ታሪክ ሳይነካ ይቆያል።

ሁሉም ፊቱን አጥቁሮ ወጣ። እኔም አጠቆርኩ። ውስጤ ግን… እዚህ ካልዋሸሁ፣ ውስጤ እልል አለ።

ኅዳር 3

ለባለቤቴ ነገርኳት። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ቆማ ነው የምትውለው።

"እና አንተ የትኛውን ትፈልጋለህ?"

"እንድትከለክል።"

"ሰዎቹ ሁሉ የወደዱትን?"

"የኔንስ ማን ይውደድልኝ?"

"ቅናት ነው እንዴ? በዘበኛ?" ብላ ከት ብላ ሳቀች።

የጓንቱን ትዕይንት ላንብብልሽ አልኳት። ሦስተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ደክሟት ነው። ደክሟት ይሆን?

ኅዳር 9

መጣች። አጭር፣ ስድሳ የተጠጋች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። የአባቷን መጽሐፍ ሁሉንም ቅጽ በሻንጣ እየጎተተች። ጌም ነክታ አታውቅም። አለቃ ቪዲዮ አዘጋጅቶላት ነበር፤ "አላይም፣ እጫወታለሁ" አለችው። ላቡ ሲወርድ ታየኝ። ሰባት ነፍስ መቆጣጠሪያውን አያያዝ አሳየቻት።

ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ጀልባ ጣቢያው በር ላይ አንድ ትኬት ቆራጭ በዱላ ገደላት።

"ይኼ ማነው? አባቴ አልሣለውም።"

"ተራ ሰው ነው፣ እትዬ" አለ አለቃ።

"ተራ ሰው ጭምብሉን ሊገድለው አይችልም።"

አበቃ አልኩ በልቤ። ሻንጣዋን ይዛ ልትነሳ ነው። አልተነሳችም። "እስቲ አንዴ" አለች።

አንዴው ስድስቴ ሆነ። በመሃል አንድ ጊዜ ቀናትና ሰውየውን ከድልድዩ ወደ ባሕር ወረወረችው። ወንበሯ ላይ ዘለለች። ቀጥሎ ሲገናኙ አፍንጫው ቀልቶ፣ ድምፁ ተዘግቶ መጣ። "ባሕር ከተትከኝ፣ ይኸው ሦስት ቀን አልተኛሁም!" ብሎ አነጠሰ።

"ጉንፋን ያዘው እኮ!" ብላ ጮኸች። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ስሙ ጉንፋናሙ ሆነ። እሷ ናት ያወጣችለት።

ሰባት ነፍስ ሴትየዋን በዓይኗ እያሳየችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "እንዲህ አድርጎ የሚሞት ሰው በሕይወቴ አላየሁም" አለችኝ።

ኅዳር 10

ጠዋት በሩን ስንከፍት ቆማ ትጠብቀናለች። ሰላምታም የለ፣ በቀጥታ ወደ ወንበሯ።

የሚያሳዝን ነው አጨዋወቷ። ለመዝለል ስትፈልግ ትጎነበሳለች፣ ለመሸሽ ስትፈልግ ወደሱ ትሮጣለች። እጁን በእንፋሎት ቧንቧ አቃጠለችበት፤ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መጥቶ ገደላት። እሱ ይሰድባታል፣ እሷ ለስክሪኑ ትመልሳለች። "አንተ እርጥብ! አፍንጫህን ጥረግ መጀመሪያ!" የኔ ስድብ ተሰዳቢ አገኘ ብዬ ኮራሁ።

ትናንት ሰባቴ፣ ዛሬ አምስቴ ገጠመችው። ለአሥራ ሦስተኛው ወጣ። ካሜራው እንደ ወትሮው ተጠጋው። አፉን ከፈተ። ምንም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ… አፉን መልሶ ዘጋ። ተመለከታት ብቻ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዱላውን አነሳ።

መቆጣጠሪያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "ምነው ዝም አለኝ?"

ሰባት ነፍስ የብልሽት መዝገቧን አወጣች። እኔ ግን ገባኝ። ሠንጠረዡ! ጠላቶቹ በየግጥሚያው የሚናገሩትን የምጽፍበት ሠንጠረዥ አሥራ ሁለት ረድፍ ብቻ ነው ያለው። ከአንድ ዘበኛ ጋር አሥራ ሦስት ጊዜ የሚጋጠም ማነው? ሰባት ነፍስ እንኳ ከአምስት አልፋ አታውቅም። እዚህ ቢሮ ሁላችንም ጎበዝ ነን። ለማይችል ሰው ያሰበ የለም።

"ነገ እንነጋገራለን" ብላ ሻንጣዋን ሳትወስድ ሄደች።

ኅዳር 11

ሁሉንም ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ።

ክብ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን። ውሉ ፊቷ ነው። "ሁለት ቀን ሲሰድበኝ፣ ስሰድበው" አለች። "ባሕር ጣልኩት። አቃጠልኩት። ሁሉንም ሲቆጥርልኝ ነበር። ዝም ሲለኝ ግን… ምን አድርጌው ነው አልኩ። ትናንት ምሳ እየበላሁ ስለሱ ሳስብ ራሴን አገኘሁት። ያንን ዝምታ ማነው የጻፈው?"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አለቃ በዓይኑ "አንተ በል" አለኝ።

እኔ ነኝ ብል ትፈቅዳለች፤ ታሪኬ ይቆረጣል። ብልሽት ነው ብል ሻንጣዋን ትዘጋለች፤ ታሪኬ ይተርፋል። ለሁለት ሳምንት ስጸልይለት የነበረው ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፣ ያውም እውነት ሆኖ። ታዲያ ለምን ከበደኝ? ጉንፋናሙ እንዳይጠፋ ፈልጌ ነበር። መቼ ነው የፈለግኩት? አላውቅም። ደግሞ ልዋሻትም አልቻልኩም። ከልቧ ነው የጠየቀችው። ለማወቅ።

"ማንም አልጻፈውም፣ እትዬ። ረድፉ አልቆብኝ ነው። ይህን ያህል የሚሸነፍ ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።"

አለቃ ግንባሩን ያዘ። ሰባት ነፍስ ሳቋ አምልጧት በሳል ሸፈነችው።

ሴትየዋ አተኩራ አየችኝ። የተቆጣች መሰለኝ። "አንተ ካልጻፍከው" አለች ቀስ ብላ፣ "እዚያ ድረስ ተሸንፌ ያመጣሁት እኔ ነኛ።"

"እርስዎ ነዎት።"

ውሉን ወደራሷ ሳበችው። "አባቴ አንድ ገጽ እንኳ አስነክቶኝ አያውቅም ነበር።"

እስክሪብቶ ጠየቀች፣ የኔን ሰጠኋት። አንቀጹን ሰረዘችውና በጎኑ ጻፈች፦ "ስም አታውጡላቸው። የተጣላቸው ይሰይማቸው።" ፈረመች። ሰባት ነፍስ አለቃን አቀፈችው። አለቃም ታቀፈ!

ኅዳር 12

አራት ምዕራፍ። የሰው እጅ እንዳይገባበት ራሴ ቆረጥኩት። የጓንቱን ትዕይንት ከሁሉ በኋላ ቆረጥኩት። የስምንት ወር ሥራ በሁለት ደቂቃ። እንባዬ መጣ፣ ምን አሳፈረኝ። ማተሚያው ጀርባ ማንም አያይም።

አለቃ አሥራ ሦስተኛውን ረድፍ ሙላው አለኝ። አልሞላም አልኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ እምቢ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። "ይሁን" ብሎ ሄደ። እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ?

ኅዳር 23

የወደብ ሠራተኞቹን አነጋገር ስጽፍ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ሠዓሊው ጠላቱን በስህተት ገደለው። ከምር አዝኗል። ሻይ ጋበዝኩት።

ታኅሣሥ 6

እሑድ። ጌሙን ቤት አመጣሁት። ይገርማል፣ እስከ ዛሬ ወንበር ስቤ እንደ ሰው ተጫውቼው አላውቅም። ጽሑፌ በቦታው መውጣቱን አይቼ እዘጋው ነበር።

ባለቤቴ ልብስ እያጣጠፈች። እኔ የመብራት ማማው ስር አንድ ቀጭን፣ ጆሮ ትልቅ ፋኖስ ያዥ ገጠመኝ። ገደለኝ። ተመለስኩ፣ ደገመኝ። በሦስተኛው "ሰው እንዴት ከዱላ አይማርም?" አለኝ።

ይህችን የጻፍኳት እኔ ነኝ። የጻፍኳትን ጠዋት እንኳ አስታውሳለሁ፤ ዝናብ ነበር፣ ጫማዬ ረጥቦ። ግን ደሜ ፈላ። በገዛ ስድቤ! "ቆይ አንተ!" ብዬ ስነሳ ባለቤቴ ያጣጠፈችውን ሸሚዝ ጣለች።

"ማን ጋር ነው?"

ነገርኳት። ጆሯሙ መቼ እንደገደለኝ፣ አንዴ ፋኖሱን ሰብሬበት በጨለማ እንዴት እንደሸሸ፣ አሁን ሰዎቹን ሰብስቦ ደረጃው ስር ተሰልፎ እንደሚጠብቀኝ፣ እኔ ማማው ጫፍ ላይ ብቻዬን መውረጃ እንዳጣሁ… ስናገር እጄ ይወራጫል። ልብሱን ትታ አጠገቤ መጥታ ተቀምጣለች። መቼ እንደተቀመጠች አላየሁም።

"ከዚያስ?" አለችኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያነበብኩላት ምዕራፍ ሁሉ… አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

"ከዚያስ? ምን ያደርግሃል?"

"አላውቅም" አልኳት።

መቆጣጠሪያውን ከእጄ ነጠቀችኝ።