ከኋላ ወንበር በታች ያለው ሽቦ

ሴቦኬንግ፣ ዞን አሥራ ሁለት
ማክሰኞ፣ ኦገስት 13 ቀን 2024

ለወንድሜ ለጼሊሶ፣

«ውድ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አንተ ባለህበት ካቱ ብርዱ አጥንት ይሰብራል ሲሉ እሰማለሁ። እማዬ የሠራችልህ የሱፍ ኮፍያ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ከእኔ የተላከ ነገር የለም።

ወረቀት የገዛሁት ስልክህን ስለዘጋህብኝ ነው። የካቱ ታክሲ ነጂው ሌቦሃንግ ሐሙስ ይዞልህ ይመጣል። ሌላ ሰው ተቀብሎ እንዳያስቀምጠው፣ በእጅህ እንዲሰጥህ ነግሬዋለሁ። «ሳያነበው ቢቀደውስ?» አለኝ። ከቀደደው የተቀደደውን ሰብስበህ መልስልኝ፣ ደግሜ እጽፈዋለሁ አልኩት። ስቆ ተስማማ። እንደማደርገው ሳያውቅ አልቀረም።

ለእማዬ የላክኸውን መልእክት አንብቤዋለሁ። የሐዘን ልብሷን ለምታወልቅበት ቅዳሜ የአባዬ መኪና፣ ጉሼሼዋ፣ ታጥባ እንድትጠብቅህ፣ ያቺ ባለዲፕሎማ ግን እጇን እንዳታሳርፍባት ብለሃል። አሳርፌባታለሁ። እስከ ክርኔ ድረስ ነው ያሳረፍኩባት። ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መሃል ላይ ልታቋርጠኝ አትችልም።

አምና አባዬን ቀብረን ስንመለስ የሆነውን ነገር አንተ ለሰው ስታወራው ብዙ ጊዜ ሰምቼሃለሁ። እስቲ አሁን ደግሞ ከእኔ ስማው። መጋጠሚያው ላይ ሰው ክብ ሠራ። አባዬ በሕይወቱ ስንቱን አሿሪ፣ መኪና በቦታው እያሽከረከረ የሚጫወተውን ሁሉ፣ ሲሞት በዚያ መንገድ ላይ ጎማ እያጨሰ ሸኝቷል፤ ተራው ደርሶ በገዛ መኪናው ሊሸኝ ነው። አጎታችን ሴቻባ እንኳ፣ መኪና ማሾር የዱርዬ ሥራ ነው የሚሉት፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። አንተ አሾርካት፤ እውነቱን ለመናገር አማረብህ። ከዚያ በሩን ከፍተህ፣ መሪውን በአንድ እጅህ ይዘህ፣ ወርደህ ከጎኗ መሮጥ ስትጀምር ሞተሩ ጭጭ አለ።

ያን ጊዜ በግቢው መኪና የሚጠግነው ሞሆሎ ከሕዝቡ መሃል፣ «የዲፕሎማ መኪና እኮ ናት፤ ፈተና ወድቃ ነው» አለ። በቀብር ቀን ሰው ሳቀ። ሞሆሎን ተወው፤ እሱ አባቱ ቢሞትም ይቀልዳል። አንተ ግን አብረሃቸው ሳቅህ። ስቀህም እጅህን ዘርግተህ፣ «እህቴ ናት ሽቦውን ያሰረችው፤ ምን ላድርግ?» አልክ።

አሁን መልሴን ስማ። ትልቁን ሞተር ስትጭኑባት የድሮው ፓምፕ ነዳጅ አያደርስም ብላችሁ አንተና አባዬ ጉልበተኛ ፓምፕ አመጣችሁ። ጉልበተኛ ፓምፕ ደግሞ ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠጣል፤ ፋብሪካው የዘረጋት ቀጭን ሽቦ አትችለውም። ሪሌ ያስገባሁት ለዚህ ነው። ቀጭኗ ሽቦ ትእዛዝ ብቻ ታደርሳለች፤ ሪሌው ትእዛዙን ሰምቶ ከባትሪው በወፍራም ሽቦ የመጣውን ኃይል ለፓምፑ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ባትሪው ሥር ፊውዝ አደረግሁለት። ትእዛዙን ደግሞ ከሞተሩ ኮምፒዩተር ሳብኩት፤ ሞተሩ ካልዞረ ፓምፑም እንዳይገፋ።

አባዬ መብራት ይዞልኝ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ነበር። ትእዛዙን ለምን ከቁልፉ አትወስጂውም፣ ሥራው ይቀልሻል አለኝ። ግድግዳ ገጭተህ ቱቦው ቢበጠስ፣ አንተም ራስህን ብትስት፣ ቁልፉ እንደተከፈተ ነው፤ ፓምፑ ቤንዚን ሲረጭብህ ይቆያል አልኩት። ትንሽ አሰበ። ከዚያ መብራቱን ወደ እጄ አስጠጋልኝ። ጼሊሶ፣ ከዚያ በላይ ምርቃት ከማንም አላገኘሁም፤ የምረቃ ቀን እንኳ።

እና ሞተሩ ለምን ቆመ? እግርህን ከነዳጅ መስጫው አንስተህ ስትወርድ ስለታነቀ ነው። ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር ዝቅ ብሏል፣ ሳታስተካክለው እንዳትወርድባት ብዬህ ነበር፤ «እሺ ፕሮፌሰር» ብለኸኝ ሄድክ። ሞተሩ ቆመ፤ ሞተሩ ስለቆመ ፓምፑ ቆመ። እኔ የሠራሁት የተሠራለትን ሠራ። አንተ ግን ፓምፑ ቆሞ ሞተሩን ገደለው ብለህ ለአገሩ ሁሉ አወራህ። ሬሳው ስለቀዘቀዘ ሰውየው ሞተ እንደማለት ነው።

ያ ወሬህ ምን እንዳደረገኝ ታውቃለህ? በኤሌክትሪክ ዲፕሎማዬ ማመልከቻ ያላስገባሁበት መሥሪያ ቤት የለም፤ መልስ እስኪመጣ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም። የአባዬን ጋራዥ ጠርጌ፣ ግድግዳውን ቀብቼ፣ በሩ ላይ «የመኪና ኤሌክትሪክ» ብዬ በቀይ ጻፍኩ። ከዚህ እስከ ኤቫተን ድረስ ስንት አሿሪ አለ! የግማሹ መኪና ሽቦ በናስትሮ የተያዘ ነው፤ እኔን ይፈልጋል። ማን መጣ? አሿሪዋ ማቴቦሆ ብቻ፤ እሷም የፊት መብራት ልታስቀይር። የፓምፕሽን ሽቦ በደንብ ልሥራልሽ፣ ለሙከራ ነው፣ አላስከፍልሽም አልኳት። «የኔ ቆንጆ፣ እወድሻለሁ፤ ግን መኪናዬ በሰው ፊት እንደ ወንድምሽ መሃል ላይ እንዳትቆምብኝ» አለችኝ። መብራቷን ቀየርኩላትና ሄደች።

አንተስ? ማን ጋ ሄድክ? ሞሆሎ ጋ። የሳቀብን ሰው ግቢ ገብተህ ሪሌዬን አስነቀልክ። ከባትሪው አንድ ሽቦ ጎትታችሁ፣ መሪው ሥር ማብሪያ አስገብታችሁ፣ መልሳችሁ ወደ ፓምፑ ወሰዳችሁት። ሪሌ የለው፣ ፊውዝ የለው። በፋሲካ አልቆመችምና ተጨበጨበልህ። ከዚያ ካቱ ሥራ አገኘህና መኪናዋን ለእኔና ለእማዬ ትተህ ሄድክ። ማብሪያውን እየተጫንኩ ስነዳ ምን እንዳደረጋችሁ ገብቶኝ ነበር፤ ሽቦው የበር ደወል ሽቦ የሚያክል መሆኑን ግን በሞሆሎም አልጠረጠርኩም።

እማዬ ጥቁር እንደለበሰች ነው፤ ፊት ወንበር አትቀመጥም። ባሏን የቀበረች ሴት ከኋላ፣ ጥግ ይዛ ነው የምትሄደው። ፓምፑ የት እንዳለ ታውቃለህ። ከኋላ ወንበር በታች። ሽቦህም በዚያው ነው የሚያልፈው።

ብርዱ ሲበረታ፣ ወደ ክሊኒክ ስወስዳት፣ ይሄ ወንበር ደስ ሲል፣ ይሞቀኛል ትለኝ ጀመር። ፀሐይ መትቶት ነው ብዬ አለፍኩት። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን ፀሐይ አልነበረም፤ ነፋሱ አቧራ ያበንናል። በመስታወቱ ሳያት እጇን ከጎኗ ባዶው ወንበር ላይ አሳርፋለች፣ ሰው እጅ ላይ እንደሚያሳርፉት። «ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። «አባትሽ ነው። እዚህ ከጎኔ ይቀመጣል።»

መኪናዋን ዳር አስያዝኩ። ጎማው ተንፍሷል ብዬ ዋሸኋትና ከማኅበር ጓደኞቿ ጋር በእግሯ ሸኘኋት። ወንበሩን አነሳሁት። የሽቦው ልባስ ቀልጦ ከምንጣፉ ጋር ተጣብቋል። ምንጣፉ ከስሎ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። የፓምፑ ክዳን ዙሪያ ቤንዚን ይሸታል። አንዲት ብልጭታ ነበር የቀራት፣ ጼሊሶ። አንዲት።

እሑድ የደወልኩልህ ያን ጊዜ ነው። ስለ ፓምፑ ነው ከማለቴ፣ «ዲፕሎማሽን ግድግዳ ላይ ስቀይና ከመኪናዬ ላይ ውረጂ» ብለህ ዘጋህብኝ። መልሼ ስደውል ጭራሽ አልገባም አለ። እንግዲህ እናትህን ምን ላይ አስቀምጠህ እንደሄድክ በወረቀት አንብበው።

ትናንት ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። የእናንተን ጉድ ነቅዬ አወጣሁ፤ ማብሪያውንም ጭምር። አዲስ ሪሌ፣ አዲስ ፊውዝ፣ ወፍራም ሽቦ፤ ብረቱን የሚነካበት ቦታ ሁሉ በጎማ ቱቦ ለብሷል። ትእዛዙ ተመልሶ ከኮምፒዩተሩ ሆኗል። ሳስነሳት ፓምፑ የሚሰማው እንደ ንብ ነው። ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ።

የተቃጠለው ሽቦህ በከረጢት ተቋጥሮ እኔ ጋ አለ። ቅዳሜ ከመቃብሩ ተመልሰን፣ የእማዬ ልብስ ወልቆ፣ በሬው ተበልቶ ሰው ክብ ሲሠራ፣ ሞሆሎም በቆመበት፣ ወይ አንተ መሃል ገብተህ የእህቴ ሥራ ትክክል ነበር፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ትላለህ፤ ወይ እኔ ከረጢቱን ለአጎታችን ለሴቻባ አስረክቤ ምን እንደሆነ በሰው ፊት እናገራለሁ። ስሜን ትመልስልኛለህ። ምረጥ።

ረቡዕ

ደብዳቤውን ትናንት አሽጌው ነበር። ዛሬ ጠዋት ከፈትኩት።

እማዬን ለቅዳሜ የምትለብሰውን ልታስለካ ልብስ ሰፊዋ ጋ ወሰድኳት። እንደ ልማዷ ከኋላ ገባች። ትምህርት ቤቱን አለፍን። ከዚያ እጇን ወንበሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ስታደርግ አየሁ።

«ቀዝቅዟል» አለች።

እውነቱን ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስሜን የማነጻበት የመጀመሪያ ሰው እሷ ልትሆን ነበር። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለቀሰችም። ወደ ውጭ እያየች፣ «ሄዷል» አለች። «ዓመቱን አብሮኝ ተቀምጦ፣ ጥቁሩን ልጥል ስል ሄደልኝ። ድሮም ሰው ቤት አያመሽም ነበር፤ መነሻውን ያውቃል።»

እማዬ ቀድማ ያዘዘችውን ግራጫ ጨርቅ ልብስ ሰፊዋ ስታወጣ፣ መልሺው አለቻት። ቢጫ መረጠች። ቢጫ፣ ጼሊሶ። እማዬን በቢጫ አይተሃት ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። በጨርቁ ተጠቅልላ መስታወት ፊት ቆማ፣ በዛብኝ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አልበዛም አልኳት።

ስለዚህ ከረጢቱ የለም። ሽቦውን በፒንሳ ቆራርጬ ከቆሻሻ ጋር ልኬዋለሁ። ለአጎታችን የምነግረው የለኝም። አንተም የለህም። ወሬ አቀባይ እንደሆንክ አውቃለሁ፤ ይህቺን ግን እስክትሞት ዋጣት። ይቅርታ ልትጠይቀኝም እንዳትሞክር፤ በሰው ፊት ይቅርታ ካልክ እማዬ ስለምን እንደሆነ ትጠይቃለች፣ አንተ ደግሞ ስትዋሽ ጆሮህ ይቀላል። አልታረቅሁህም። ሳስብህ አሁንም ጥርሴን እነክሳለሁ።

ቅዳሜ ማሾር ከፈለግህ አሹራት። ዙሩን ከፍ አድርጌልሃለሁ፤ ስትወርድ በቀላሉ አትታነቅም። ለአንተ ብዬ አይደለም። ጥቁሩ ከወለቀ በኋላ እማዬ ፊት ወንበር፣ ካንተ ጎን እቀመጣለሁ እያለች ነው፤ ሊከለክላት የሚችለው አባዬ ደግሞ ከዚህ ቤት ወጥቷል። ስለዚህ የሠራሁትን ብትነካ፣ አንዲት ሽቦ ብታንቀሳቅስ፣ ወንድሜ አይደለህም።

ድንገት መሃል ላይ ከቆመች ግን ሰው ሁሉ ወደ አንተ ያያል። ያኔ እንደ ለመድከው እጅህን ዘርግተህ እህቴ ናት ያሰረችው በላቸው። እኔ እዚያው እቆማለሁ። አልመልስልህም።

ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፤ የአባዬም ያረፉ ሰዎች ከፊትህ ይቅደሙ። ሌሊት አትንዳ።

እህትህ
ሬይቱሜትሴ