ስለ ወፍጮው ዘግይቶ የደረሰሽ ወሬ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፤

እንዴት ነሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ደረጃውን እሺ አለ ወይስ እንዳኮረፈ ነው? የአባባ ሳል ለቀቀው? ጓዳው ላይ የሚያፈሰው ጣሪያ ተደፈነ ወይስ አሁንም ባልዲ እየደቀናችሁ ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። «በአካል» ያልኩት አውቄ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሳልጽፍልሽ በመቅረቴ እንደተቀየምሽኝ እህቴ ነግራኛለች። እውነትሽን ነው። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ስለ አንድ ሰው ካልጻፍኩ ሌላው ሁሉ ውሸት እየመሰለኝ መልሼ አስቀምጠው ነበር።

የኮሌጅ ጓደኞችሽ ከምን ደረሱ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ከተመረቅን አሥር ዓመት ሞላን። ያኔ የክፍል አለቃችን የነበረችው ልጅ አለቅነቱ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም፤ ሁላችንንም በስልክ ግሩፕ ሰብስባ «እያንዳንዳችሁ የደረሳችሁበትን ጻፉ፣ ፎቶም ላኩ» ብላ አዘዘች። ወሬው እንደ ጎርፍ ወረደ። ደም ባየች ቁጥር ትወድቅ የነበረችው ልጅ ዛሬ የደም ባንክ ኃላፊ ናት ብልሽ ታምኛለሽ? መንታ የወለደችም አለች። አንዱ የላቦራቶሪ ሙያችንን ትቶ ጎማ ይሸጣል፤ «ጎማ ቢያንስ ውጤቴ መቼ ይደርሳል ብሎ አይጨቀጭቀኝም» ብሎ አሳቀን።

ወፍጮውም ጻፈ። መቼም አትረሺውም፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ ለእረፍት ከእኔ ጋር መጥቶ የጓዳሽን በር ሲጠግን አፉ አልዘጋ ብሎሽ «ይሄ ልጅ ወፍጮ ነው እንዴ?» ብለሽ ስም ያወጣሽለት። በተማርንበት ኮሌጅ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ሚስቱም ከስድስት ዓመት ጥበቃ በኋላ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እንኳን ደስ አለህ ዘነበለት።

በሳምንቱ ማክሰኞ ለአዲሱ ሥራው የጤና ምርመራ ሊያደርግ እኔ ያለሁበት ሆስፒታል መጣ። ደሙን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ክንዱ ላይ የበለዘ ነገር አይቼ «ምነው?» ስለው «በር መታኝ» አለ። ሌላውም ክንዱ እንደዚያው ነበር። «ሁለት በር ነው እንዴ የመታህ?» ብዬ ቀለድኩበት። ከሄደ በኋላ ደሙን መሣሪያው ውስጥ ስከተው የነጭ የደም ሕዋሱ ቁጥር ከልክ አለፈ። መሣሪያው ተሳስቷል ብዬ ደገምኩት። ያው ነው። ከዚያ ጠብታዋን ስላይድ በምንለው ስስ መስታወት ላይ አስፍቼ፣ ቀለም ቀብቼ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ሳይበስሉ የወጡ ትልልቅ ሕዋሳት ሞልተውታል። የደም ካንሰር ነው፣ እማዬ። አብሮኝ የሚሠራውን ሽማግሌ ባለሙያ ጠራሁት። አየና መነጽሩን አውልቆ «ዕድሜው ስንት ነው?» አለኝ። «እኩያዬ ነው» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ወፍጮው ደወለ። «እሺ፣ ለሹመት እበቃለሁ?» አለኝ። ውጤት ለታካሚ የሚነግረው ሐኪም እንጂ እኛ አይደለንም፤ ይህን ደንብ እሱ ራሱ ነው ተማሪዎቹን የሚያስተምረው። «ገና አልወጣም» አልኩት። ወረቀቱ በእጄ ነበር። ስልኩን ስዘጋ የክፍል አለቃችን «የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ምን አዲስ ነገር አለ?» ብላ ጽፋልኛለች። «ያው ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብዬ መለስኩላት።

በማግስቱ ሐኪሙ ነገረው። ከዚያ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ «አሳዪኝ» አለኝ ብቻ። ወንበሬን ለቀቅኩለት። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። ቀና ሳይል «ቀለሙን አሳምረሽዋል፤ ለተማሪ የሚሆን ስላይድ ነው» አለኝ። ቀጥሎ «ትናንት ስደውልልሽ ታውቂ ነበር?» አለ። አውቅ ነበር አልኩት። «ደግ አደረግሽ። አንድ ሌሊት ተኝቼበታለሁ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለሚስቱ እንዴት ብሎ እንደሚነግራት ጠየቀኝ። ለጓደኞቻችን እንዳልነግር፣ ልጁ እስኪወለድ እንኳን ደስ አለህ ብቻ እንዲሉት ለመነኝ። «እናትሽ ግን ትወቅ፤ እሷ ትለምንልኛለች» ብሏል።

ሕክምናው ተጀመረ። ደሙ በየሁለት ቀኑ እጄ ይገባል። የኔ ነገር መቁጠር ብቻ ነው፤ የበዛውን አልቀንስለት፣ ያነሰውን አልጨምርለት። የመጀመሪያው ዙር አልበጀውም። ሁለተኛውን ከጀመረ ሳምንቱ ነው። ሐኪሙን በጠየቅኩት ቁጥር «እንጠብቅ» ይለኛል። ጓደኞቻችን ደግሞ በአዲሱ ቢሮህ የተነሣኸው ፎቶ የት አለ እያሉ ይነዘንዙታል፤ እሱም አልጋው ላይ ሆኖ በቀልድ ይሸኛቸዋል።

ትናንት ጠዋት ሚስቱ በእኛው ሆስፒታል ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሁለቱም ደህና ናቸው። ግሩፑ በእልልታ ተናወጠ። እሱን ግን መድኃኒቱ ስላዳከመው፣ ጉንፋን እንኳ ሊጥለው ስለሚችል፣ ልጁን ወደ ክፍሉ ማስገባት አይቻልም። እናትየዋ ገና ከአልጋ ስላልተነሣች ከአዋላጇ ጋር ሕፃኑን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። በመስኮቱ መስታወት በኩል ከፍ አድርጌ አሳየሁት። ግድግዳውን እየተደገፈ መጣ። ካየው በኋላ በጣቱ ወደ ገዛ ዓይኑ አመለከተኝ፤ ዓይኑን አሳዪኝ ማለቱ ነው። ጉንጩን ነካ ነካ አደረግኩት፤ እግሩን ኮረኮርኩት፤ «ንቃ እንጂ አንተ፣ አባትህ ነው» አልኩት። እምቢ አለኝ። አባቱ ቆሞ ጠበቀ። እኔም መላው ጠፍቶኝ መልሼ መላልሼ ኮረኮርኩት። በመጨረሻ ጉልበቱ ሲከዳው ነርሷ ደግፋ አስተኛችው። ልጁ ዓይኑን አልገለጠም።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ታላቅ ወንድሜን ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ በያሉበት ሰላም በይልኝ። ለአክስቴ ስለ ረሳኋት ሳይሆን ስለ ከበደኝ ዝም እንዳልኩ ንገሪያት። ይህን የምታነብልሽ እህቴ፣ ካለቀሰች ትንሽ ትረፍና ትቀጥል፤ ወሬውም ከቤት አይውጣ። አንቺ ግን ጉልበትሽ ባይፈቅድም ለምኚለት፤ ተቀምጠሽም ቢሆን።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ

ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለችው የኪራይ ክፍሌ
ሐሙስ፣ ጥር ፱ ቀን