ቆርኬ አያለሁ ብሎ ለቀረው ልጄ

ልጄ ደረጀ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላህ ሦስት ሳምንት ቀረው። እጄ ለጽሕፈት ሰነፍ መሆኑን ታውቃለህ፤ ይህችን ወረቀት ከጀመርኩ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው።

መርዶህን የሰማሁ ዕለት ላሟን እያለብኩ ነበር። ገና ማለዳ ነው። የእድራችን ሰዎች ድምፅ ሳያሰሙ በሩን ከፍተው ገቡ። እኔ ሞኟ፣ ባለፈው ወር ስብሰባ በመቅረቴ ሊወቅሱኝ የመጡ መስሎኝ፣ ወገቤን አሞኝ ነበር እያልኩ ሰበቤን መደርደር ጀመርኩ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ የወተቱን ዕቃ ከእጄ ስትቀበለኝ፣ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ተናድጄብህ ነው የከረምኩት። እዚሁ ነቀምቴ ቀበርንህ፤ አለቀስኩ፤ ለቅሶው ሲያልቅ የሚመጣብኝ ግን ንዴት ነው። የመኪና አደጋ ቢሆን ሾፌሩን እረግም ነበር። አንተ ግን አስጎብኚ ነኝ ብለህ፣ ከጋምቤላ ወዲያ ሰው የማይደርስበት ፓርክ እንግዶች ይዘህ ወርደህ፣ ወባ ሲይዝህ ሁለት ቀን ሙሉ ትኩሳትህን ደበቅህ። በየዓመቱ በመንጋ የሚያልፉት ቆርኬዎች ዛሬ ነገ ይመጣሉ፣ ሳላያቸው አልመለስም አልክ። ስንት ዓመት ያየሃቸውን! አብሮህ የነበረው ጓደኛህ ጉታ ይህን ሲነግረኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰለህ? በሕይወት ብትኖር በጥፊ እልህ ነበር።

ቤቱን ብትጠይቅ፣ ላሟ ወልዳለች። እህትህ ኡኬ ተመድባ ማስተማር ጀምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ሩቁን የምታይበትን መነጽርህን ታናሽ ወንድምህ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሰው ግቢ ሲቃኝበት ይውላል። አዴ ጫልቱ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ምን ልሁን ብለህ ታየኛለህ ብላ ልትጣላው ደርሳለች። እሱንም ያበላሸኸው አንተ ነህ።

በየዓመቱ መጋቢት ሲመጣ፣ እንደ ሰፈራችን ልጆች እናቴ ለማለት አዮ እያልክ፣ አዮ ዘንድሮ ይዤሽ ልሂድ ትለኝ ነበር። አውሬ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ? ላሜን ማን ያልባል? እልህ ነበር። አንዴ ራት ላይ ስልክህን አውጥተህ ፎቶአቸውን አሳየኸኝ። ፍየል ይመስላሉ አልኩህ። ሦስት ቀን አኮረፍከኝ።

ዘንድሮ ሄድኩልህ። እውነቱን ልንገርህ፣ የሄድኩት ቦታውን ልረግም ነው። ልጄን የበላህ ምድር ሣር አይብቀልብህ ልለው፣ ቃሉን ሁሉ መርጬ ይዤ ነበር። ብቻዋን አትሄድም ብለው የእድራችን ሴቶች አራት ሆነው ተከተሉኝ። ዳቦውን፣ ጩኮውን፣ በሶውን እንደ ሰርግ ጫኑት። በጉታ መኪና በደሌን፣ መቱን፣ ጎሬን አልፈን ወደዚያ ሙቀት ወረድን። ጉታ መንገዱን ሙሉ ሲያስጠነቅቀን ነበር፤ እዚያ ስንደርስ ጩኸት የለም፣ ከመኪና መውረድ የለም። አዴ ጫልቱም ጴንጤነቷን ይዛ፣ እኛ ዋይታ አናውቅም፣ የምታስቸግሩት እናንተ ኦርቶዶክሶቹ ናችሁ እያለች ስትወጋን ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ደረስንባቸው። ምን ብዬ ልጻፍልህ፣ አንተው ታውቀዋለህ። ሜዳው ራሱ የሚሄድ መሰለኝ። ጆሯቸው ነጭ፣ ግልገሉ ከእናቱ ጎን ተጣብቆ፣ አንዱ አንዱን ሳይገፋ ይጎርፋሉ፣ ይጎርፋሉ፣ ማለቂያ የላቸውም። እየው ደረጀ፣ እየው ልል አፌን ከፈትኩ። ልረግም የመጣሁት ሴትዮ!

ይኼኔ ጉታ አንዲት ዛፍ በእጁ አሳየን፤ ታሞ የተኛው እዚያ ጥላ ሥር ነበር አለ። ይህን ማለት አልነበረበትም። ከሁላችን ቀድማ አዴ ጫልቱ፣ ያ ኢልማ ኮ! ወይኔ ልጄን! ብላ በሩን በርግዳ ወረደች። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰን? አምስታችንም ደረታችንን እየደቃን ሜዳው መሐል ተገኘን። ለቅሶ ቤት እንጂ ዱር የት እናውቃለን? ቀና ስል አንድም እንስሳ የለም፤ አቧራ ብቻ። ከኋላችን አራት ቀን ሙሉ የጠበቁ ፈረንጆች ካሜራቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀርተዋል። የፓርኩ ጠባቂ፣ እናቶች እባካችሁ፣ እናቶች እባካችሁ ይላል። ጉታ ጎማው ሥር ተቀምጦ፣ ፊቱን ሸፍኖ ይንቀጠቀጣል። ሲያለቅስ መስሎኝ ላባብለው ብጠጋ፣ እየሳቀ ነው። ደረጀ ይህን ቢያይ፣ አዮ፣ ሁላችንንም እስከ ነቀምቴ በእግራችን ነበር የሚመልሰን አለኝ።

አንድ አባታችን ሆይ እስኪደገም ያህል ነው ያየኋቸው። እስኪመሽ ብንጠብቅ አልተመለሱም። ግን ሁለት ቀን ለምን እንደቆየህ ገባኝ። እኔም ትኩሳት ይዞኝ፣ ያን እያየሁ፣ ተነሺ እንሂድ ቢሉኝ እሺ አልልም ነበር። ይኸው ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ዓመት ሙሉ የያዝኩትን ቂም በአንዲት ጠዋት ወሰድክብኝ። እርግማኑንም ሳልረግም ተመለስኩ። አሁን በማን ልናደድ? ይዤሽ ልሂድ ስትለኝ እምቢ ባለችው እናትህ ካልሆነ በቀር ማንም አልቀረኝም።

አልረሳህም፣ ልጄ። ጉልበቴ እስከቻለ፣ መጋቢት በመጣ ቁጥር እወርድልሃለሁ፤ አፌን በነጠላዬ አስሬ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው፤ በጸሎታችሁ አስቡልኝ። ለሞተ ሰው አይጸለይም የምትሉ ደግሞ ለእኔ ጸልዩልኝ። እግዚአብሔር፣ እሷ ምን ሆነች ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ስለ እሱ መንገራችሁ አይቀርም።