ሰመረት አልሰበረችኝም

ዛሬ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሮም ከተማ፣ ፒኜቶ ሰፈር በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ፣ እኔ የሺወርቅ ደምለው፣ ዕድሜዬ ሰማንያ ሰባት፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን አጽፌአለሁ። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን አብሮኝ አለ። የጣልያንኛውን ቅጂ ኖታዮው፣ ማለትም ውል አዋዋዩ፣ ያዘጋጃል።

ሥራዬ ነጻ ትግል ነበር። ታጋይ ነበርኩ ስል የየትኛው ግንባር ብለው የሚጠይቁኝ ልጆች ስላሉ ላስረዳ፦ እዚህ አገር በቤት ሠራተኝነት መጥቼ፣ በኋላ በየከተማው አዳራሽ ሕዝብ ከፍሎ ሲያየን ከሴት ጋር እታገል ነበር። ተጋጣሚዬ ሰመረት ኣንገሶም ናት። አሠሪያችን እኔን ንግሥት፣ እሷን አውሬ ብሎ ሰየመን። አሸናፊዋ አስቀድማ ትወሰናለች፤ አወዳደቁ ግን የእውነት ነው። በሥራው ደንብ ተጋጣሚዎች በአደባባይ አብረው አይታዩም። ስለዚህ ልጄ ቤዛ ሰመረትን የምታውቃት በጠላትነት ብቻ ነበር።

አንደኛ፣ ቤቱ የልጄ የቤዛ ሩፋኤል ነው። ነገር ግን ሰመረት በሕይወት እስካለች ትኖርበታለች፤ ማንም አያስወጣትም። ስደተኞች ተጠግተውበት ከነበረው ከቪያ ኩርታቶኔው ሕንጻ ሰው ሁሉ በፖሊስ በተባረረ ጊዜ፣ ሻንጣዋን ይዛ አስፋልት ላይ ቆማ አግኝቼ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤዛ ደጄን አልረገጠችም። «ዓይንሽን በጨፈንሽ ማግስት አስወጣታለሁ፤ የሰበረችሽ እሷ ናት» ብላኛለች።

ቤዛ፣ ስሚኝ። ዳሌዬ የተሰበረ ዕለት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ከፊት ወንበር ተቀምጠሻል። የሪንጉ ገመድ ተበጥሶ ሲሚንቶው ላይ ወደቅሁ። ሰመረት ዘላ ወርዳ እጄን ያዘች። አንቺ «ስትጠመዝዘው አይቻለሁ» ትያለሽ። አልጠመዘዘችም። ሕዝቡ ሳያውቅ የምንጠያየቅበት መንገድ ነበረን። አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ እጇን ጨበጥ ታደርጋለች፤ «ደኅና ነሽ?» ማለት ነው። የወደቀችው መልሳ ጨበጥ ካደረገች ደኅና ናት። ያን ቀን ሰመረት ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ መመለስ ያቃተኝ እኔ ነኝ።

ኤስኲሊኖ ገበያ ስንሄድ፣ መንገድ ስንሻገር እጅሽን ጨበጥ አደርግ አልነበር? አንቺም እየሳቅሽ ትመልሺልኝ አልነበር? ከየት የመጣ ይመስልሻል?

አሠሪያችን «ንግሥቲቱን የሰበረች አውሬ» ብሎ በየግድግዳው ለጠፈ። እኔ ላስተባብል ስነሣ ሰመረት፣ «ተይው የሺ፤ አውሬነት ከንግሥትነት ይሻላል፣ ጫማው አይጠብም» ብላ ሳቀች። ይህን ሁሉ በስልክ ስነግርሽ ግን፣ «ማማ፣ ሥራሽ ማስመሰል አልነበረም እንዴ? አሁን የትኛውን ልመንሽ?» አልሽኝ። ለዚህ ነው ዛሬ በምስክር ፊት የምናገረው።

ሰመረት ከወጥ ቤት ሆና፣ «የሺ፣ ይህን አታጽፊ፤ ልጅቷን ተያት!» ትለኛለች። ወንዳፍራሽ፣ አንተ ጻፍ። እሷ ያለችውንም ጻፍ።

ሁለተኛ፣ ወርቃማ ጥለት ያለው የመድረክ ካባዬ ለቤዛ ይሰጥ። ልጅ ሳለች ካልለበሰችው እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። የሰፋችው ሰመረት ናት።

ሦስተኛ፣ በቀብሬ ቀን ሰመረትን ከኋላ እንዳታቆሟት። ስንት ዘመን ተደብቀን ተገናኝተናል፤ ከእንግዲህ ደንቡ ፈርሷል። ቤዛ፣ ከመጣሽ ከጎንሽ ትቆማለች። እጅሽን ይዛ ጨበጥ ታደርጋለች። መልሱን ታውቂዋለሽ።

ተናዛዥ፦ የሺወርቅ ደምለው (ፊርማ)

ጸሐፊ፦ ወንዳፍራሽ መሳይ (ፊርማ)

እኛ ምስክሮች ተናዛዧ ይህን በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ ሰምተናል፤ ተነቦላቸውም «ቃሌ ነው» ብለው ሲፈርሙ አይተናል።

ገብረሃና አበራ (ፊርማ)
ዘርፈሽዋል ለተንሳኤ (ፊርማ)

ወራሽ፦ ወ/ሮ ቤዛ ሩፋኤል። ተጠርተው አልመጡም። ተናዛዧ የፊርማቸው ቦታ ክፍት ይቆይላቸው ብለዋል።