የእናትሽ ጥላ

ቦንጋ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትሕትና፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጋሽ ተክለጻድቅ ለሕክምና ወደ ሕንድ ስለሚመጡ ይህን ደብዳቤ በእጃቸው ልኬያለሁ። እዚያ ካሉት ያገራችን ልጆች ጋር ሆነው መርዶውን ከነገሩሽ በኋላ እንዲሰጡሽ አደራ ብያቸዋለሁ። እናትሽ ተሾመች የካቲት 9 ቀን ዐርፋለች።

መርዶ በስልክ እንደማይነገር አንቺም ታውቂያለሽ። ደግፎ የሚይዝሽ ሰው ሳይኖር፣ ብቻሽን ክፍልሽ ውስጥ እንድትሰሚ አልፈለግንም። እሷም ሆስፒታል ተኝታ ሳለች «ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት» ብላ አስምላኛለች። ስለዚህ በደወልሽ ቁጥር «ገጠር፣ ደካ እህቷ ጋ ሄዳለች፣ ኔትወርክ የለም» እያልን ዋሸንሽ። የደካን ኔትወርክ ያለ ጥፋቱ ስሙን አጠፋነው።

ፋሲካ ሲደርስ ግን «ለበዓል ተመልሳ የለ? የሁላችሁንም ፎቶ ላኩልኝ» አልሽ። ማምለጫ አጣሁ። ለፎቶው ብለን ጥቁራችንን አውልቀን ነጭ ለበስን። አክስትሽ አሰለፈች ነጩን ነጠላ ደርባ መልሳ አወለቀችው፤ ከዚያ ደግማ ደረበችው። ወንድምሽ አብነት «አባዬ፣ ይሄ ነገር ይቅርብን፤ ኃጢአት ነው» አለኝ። አልሰማሁትም። ባዶ ወንበር መሃላችን አድርገን አቮካዶው ዛፍ አጠገብ ፎቶ ተነሳን።

ከዚያ ፎቶ ስቱዲዮዬ ገባሁ። ለስቱዲዮው በሠራሽልኝ ድረ ገጽ መግቢያ ላይ ያደረግሽውን የእናትሽን ፎቶ ከኮምፒውተሬ አውጥቼ፣ እሷን ቆርጬ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። ፀጉሯን ከጀርባው ለመለየት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ቀለሙን አስማማሁ፣ ጠርዙን አለሰለስኩ። ሠላሳ ዓመት ስሠራ የሰው ፊት እንደዚያ ተጠንቅቄ ነክቼ አላውቅም። አንዴማ ራሴን ረስቼ «ትንሽ ቀና በይ» አልኳት።

የእኛ ብርሃን ከቀኝ ነበር፣ የእሷ ከግራ። የሦስታችንም ጥላ ሣሩ ላይ ወድቋል፤ የእሷ የለም። ልጅ ሆነሽ አጠገቤ ተቀምጠሽ የሠርግ ካርድና ባነር ስንሠራ፣ ከሁሉ አስቀድሜ «ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?» ብዬ የምጠይቅሽ እኔ ነበርኩ። ያስተማርኩሽን እኔው ረሳሁት።

ፎቶው ሳይውል ሳያድር «አባዬ፣ የእማዬ ጥላ የት ሄደ?» ብለሽ ጻፍሽልኝ። «ደመና ነበር» አልኩሽ። ብዙ ቆይተሽ «እሺ አባዬ» አልሽ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ተነፈስኩ።

አሁን ይህን ስጽፍልሽ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ «እማዬን አቅርቡልኝ» ብለሽ አታውቂም። አንድ ጊዜ እንኳ። ትደውያለሽ፣ «መድኃኒትህን ወሰድክ?» ትያለሽ፣ ስለ ድረ ገጹ ታወሪኛለሽ፣ ትሰናበቺኛለሽ። ግንቦት ላይ ድምፅሽ ተዘግቶ «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ስትይኝ፣ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ አልኩሽ።

ልጄ፣ እኛ እዚህ ለቅሶ ደራሽ ከቦን፣ ድንኳን ተተክሎልን አለቀስን። አንቺን ብቻሽን እንዳትሰሚ ብለን ብቻሽን አስለቀስንሽ። ያውም እኛ እንዳናፍር ማወቅሽን እየደበቅሽ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ግን ይቅር በይኝ።

ያልተነካካውን ፎቶ በፍላሽ ልኬልሻለሁ። ወንበሩ ባዶ ነው። ሁለተኛ ምንም አልቀጥልበትም። ጥቁራችንንም አንቺ እስክትመጪ አናወልቅም። ነሐሴ ላይ መጥተሽ ከባጃጅ ስትወርጂ እንደዚሁ ሆነን በር ላይ እንቀበልሻለን፤ ያን ጊዜ እንደ ወጉ አብረን እናለቅሳለን።

ብቻሽን ያፈሰስሽውን እንባ እግዚአብሔር በእጁ ይጥረግልሽ።

አባትሽ ፈለቀ