የማርሻሉ ፀጉር

ጥቅምት 4
የማርሻሉን ካፖርት ቦረሽኩ። ኮፍያውን፣ ጫማውን... ከዚያ የመስታወት ሳጥኑን ከፍቼ ቁራጭ ፀጉሩ ላይ ነጩን የብል መድኃኒት ነሰነስኩ፤ አራገፍኩ። የሙዚየሙ ኃላፊ ሲያልፍ «አንቺ ባትኖሪ ማርሻሉን ብል ጨርሶት ነበር!» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያችኑ ቀልድ። ሳቅሁለት።

ጥቅምት 11
ሐኪሞች መጥተው ከፀጉሩ በወረንጦ ወሰዱ። ማርሻሉ የዛሬ አርባ ዓመት እራት በልቶ ተኛ፤ አልተነሣም። ምን እንደገደለው ሊመረምሩ ነው። ያን እራት ያበሰለችው አክስቴ ናት፤ እኔን ያሳደገችኝ። ነገርኳት። «ምኑን ይመረምራሉ? ሦስት ሳህን በላ። ሆዱ ነው የገደለው!» ብላ ተንከተከተች።

ጥቅምት 23
ሬዲዮው ተናገረ። ፀጉሩ ውስጥ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ተገኘ፤ ብዙ። ታዲያ ማን አበላው? ሰፈሩ ሁሉ የእኛን በር ያያል... የሰፈራችን ባለ ሉካንዳ አክስቴ ፊት ላይ ተፋ።

ጥቅምት 24
መስኮቱን በድንጋይ አረገፉት። በሩን ገንጥለው ገቡ። አክስቴ ሰማንያ ዓመቷ ነው... በፀጉሯ ጎትተው አወጧት። ባለ ሉካንዳው ፌሮ ይዟል። «ተናዘዢ፣ አንቺ መርዘኛ!» «ምኑን ልጄ? ምኑን?» ክንዷ ላይ አሳረፈው። ሲሰበር ሰማሁ። ላይዋ ላይ ተደፋሁ፤ ጀርባዬን ረጋገጡት። ፖሊስ ደረሰና... እሷን አሰረ። ደሟን ከደጃፉ አጠብኩ።

ጥቅምት 25
ሥራ ገባሁ። የት ልሂድ? አርሴኒክ... ይህ ነገር ምን ይመስል ይሆን? የብል መድኃኒቱ ጣሳ ላይ ዓይኔ አረፈ። ፊደል የለቀምኩት ከመጠቅለያ ወረቀት ነው፤ ረጅም ቃል ይከብደኛል። ዝገቱን በጥፍሬ ፋቅሁት። አር... ሴ... ኒክ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ ነኝ። እኔው!
ለኃላፊው ነገርኩት። በሩን ዘጋ። «ጣሳውን ጣይው። ወሬው ከወጣ አንቺም እኔም አንተርፍም። አሮጊት ናት፣ ስንት ቀን ልትኖር?»

ጥቅምት 26
ጣሳውን በሻርፕ ጠቅልዬ ወጣሁ። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሕዝቡ «ትሰቀል!» ይላል። ጮኼ አላውቅም... ጮህኩ። «ዱቄቱን ፀጉሩ ላይ የነሰነስኩት እኔ ነኝ! እዚያው ሙዚየም!» ባለ ሉካንዳው ወደ እኔ ዞረ። ቀጥሎ ፌሮው፣ አፌ ላይ። ጣሳውን አለቅም ስል ጣቶቼን ረጋገጧቸው። ፖሊሶቹ ከነጣሳው ጎትተው አስገቡኝ።

ኅዳር 19
በግራ እጄ ነው የምጽፈው። አራት ጥርስ የለኝም። ሥራም የለኝም። ሐኪሞቹ ጣሳውን አይተው «መርዙ ከላይ የተነሰነሰ ነው» አሉ፤ አክስቴ ተፈታች። ባለ ሉካንዳው ሥጋውን ይቆርጣል። ይቅርታ ያለን የለም።
ዛሬ ሾርባ ሠራች። በደህናው እጇ ጨለፈች፣ መጀመሪያ ራሷ ቀመሰች፣ ቆየች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች... ከዚያ ለእኔ።
«ኧረ አክስቴ! ለእኔም?»
«ተይኝ ልጄ። አይተሽ ብዪ።»
ማንኪያውን ነጠቅኳት። ያልቀመሰችውን ጨልፌ አፌ ከተትኩ። ድዴን አቃጠለኝ። ዋጥኩት።